ከራውተሩ ወዲያ የማይሰማ ጥሪ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ገመድ አልባ ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ተሰባስበው ለአፕል ኩባንያ አቤቱታ አቀረቡ። ችግሩ ከላይ ሲታይ ተራ ይመስላል። አንድ መምህር በአይፓዱ ያለውን ምስል አፕል ቲቪ ወደተሰካበት ትልቅ ስክሪን መላክ ይፈልጋል። ቤቱ ሲሆን በአንድ ንክኪ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን አይፓዱ አፕል ቲቪውን ጨርሶ አያገኘውም። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው። አይተዋወቁም እንጂ።

ስልኩ ፕሪንተሩን «አላገኘሁም» ሲለው ግራ የገባው የቢሮ ሠራተኛም የገጠመው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ እርግማኑ የሚወርደው በፕሪንተሩ ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ያለው በመሃል ባለው ኔትወርክ ላይ ነው።

በኔትወርክ ላይ የሚላክ መልእክት አብዛኛው የአንድ ተቀባይ አድራሻ አለው። አዲስ የገባ ስልክ ግን የቴሌቪዥኑን አድራሻ ገና አያውቅም። ስለዚህ «ምስል የሚቀበል አለ?» ብሎ ጥሪውን ወደ 224.0.0.251 ይልካል። ይህ ቁጥር የማንም መሣሪያ ሳይሆን የቡድን አድራሻ ነው። ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያለው ክልል በሙሉ መልቲካስት ለሚባለው ለዚህ ዓይነቱ የቡድን መልእክት የተተወ ነው። የዕድር ለፋፊን ማሰብ ይቻላል፤ ድምፁ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ የሚሰበሰበው ግን አባሉ ብቻ ነው።

በ224.0.0 የሚጀምሩት አድራሻዎች ደግሞ ጥብቅ ሕግ አለባቸው፦ የኔትወርክ ክፍሎችን የሚያገናኘው ራውተር ከተላኩበት ክፍል አሻግሮ እንዳያሳልፋቸው ተደንግጓል። አይፓዱና አፕል ቲቪው በተለያየ ክፍል ሲሆኑ የማይተዋወቁት ለዚህ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ አጥር ነው። የእያንዳንዱ ፕሪንተርና ስልክ ጥሪ ከክፍል ወደ ክፍል ቢተላለፍ ትልቅ ኔትወርክ በጩኸት ብቻ ይሞላ ነበር።

መልቲካስትን ከራውተር ማሻገር ራሱ ግን የቆየ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ቼሪተን የሚመራ ቡድን ብዙ ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ሲስተም ይገነባ ነበር። ማሽኖቹ በአንድ ኢተርኔት ላይ ሳሉ በቡድን አድራሻ ይነጋገራሉ። ሌሎች ማሽኖች በግቢው ማዶ፣ ከራውተር ጀርባ ሲገኙ ግን ነገሩ ቆመ። መፍትሔውን የፈለገው ተማሪ ስቲቭ ዲሪንግ ሲሆን፣ ሥራው በኦገስት 1989 የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሆኖ ወጣ። አባል የሆነ መሣሪያ ለቅርብ ራውተሩ «እኔም አለሁበት» ብሎ ያስታውቃል፤ ራውተሮቹም እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን መልእክት መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ያባዙታል። በማርች 1992 በሳንዲያጎ የተካሄደ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ድምፅ በዚህ ዘዴ ወደ 20 ቦታዎች ተሰራጭቷል። በ1994 የሮሊንግ ስቶንስ ኮንሰርት ክፍልም እንዲሁ ተላልፏል። ዛሬ የቴሌኮም ኩባንያዎች የኬብል ቴሌቪዥን መሰሉን አገልግሎት በኢንተርኔት መስመር የሚያቀርቡት በብዛት በዚሁ ብልሃት ነው።

ብዙ ቴክኒሻን ጊዜውን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። የዲሪንግ ዘዴ እንዲሻገሩ ለተፈቀደላቸው አድራሻዎች ይሠራል። ራውተሩ ላይ የመልቲካስት ማስተላለፊያ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ የስልኩ የ224.0.0.251 ጥሪ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ለእሱ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ቀላሉ መላ ደጋሚ ማቆም ነው። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው አቫሂ የተባለ ፕሮግራም በሁለቱም የኔትወርክ ክፍሎች እግሩን ተክሎ በአንዱ የሰማውን በሌላው ይደግማል፤ ይህን ለማስጀመር በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር መቀየር ይበቃል። ለመኖሪያ ቤትና ለትንሽ ቢሮ ይህ ጥሩ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ግን በሽታውን ያባብሳል። ዋይፋይ የቡድን መልእክትን የሚልከው ሩቅ ያለውም እንዲሰማ በዝግተኛ ፍጥነት ነው፤ መድረሱንም አያረጋግጥም። በሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ጥሪ ሲደጋገም አየሩ ይጨናነቃል፣ የስልክ ባትሪም ያልቃል። ከዚህም በላይ መኝታ ክፍሉ የተኛ ተማሪ የመማሪያ አዳራሹን ስክሪን በዝርዝሩ ውስጥ ያገኘዋል። ምን ሊልክበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የኔትወርክ ዕቃ አምራቾች ጥሪውን እንደ ቦታውና እንደ ተጠቃሚው የሚያጣሩ መሣሪያዎችን ያወጡት ለዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ አቤቱታም በ2015 በወጣ የኢንተርኔት መሐንዲሶች የመስፈርት ሰነድ ላይ ተጠቅሷል። በጁን 2020 ደግሞ የአፕሉ ስቱዋርት ቼሻየር የጻፈው ስታንዳርድ ታተመ። በዚህ አሠራር የሚቆመው ወኪል ጥሪውን አይደግምም። ከማዶ ያለ ስልክ በተራ መልእክት ይጠይቀዋል፤ እሱም በራሱ ሰፈር ጠይቆ መልሱን ለጠያቂው ብቻ ይልካል። ጩኸቱ ከሰፈሩ አይወጣም። ከመላዎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

መተዋወቅ ብቻውንም አያበቃም። የቴሌቪዥኑ ስም ስልኩ ላይ መጥቶ ምስሉ ግን አልሄድ የሚልበት ጊዜ አለ። ምስሉ የሚጓዘው በመልቲካስት ሳይሆን ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሆነ፣ በክፍሎቹ መካከል ያለው ፋየርዎል ያንንም መንገድ መፍቀድ አለበት። ሁሉን መፍቀድ ደግሞ ክፍሎቹን መለየቱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ርካሽ የደኅንነት ካሜራ የሒሳብ ሹሙን ኮምፒውተር እንዳያገኝ ተብሎ ነበርና የተለዩት።

ቤት ውስጥ ስልክዎ ቴሌቪዥኑን ካጣው ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ሁለቱም የተገናኙበትን የዋይፋይ ስም ይመልከቱ። አንዱ «ጌስት» (የእንግዳ) በሚለው ላይ ከሆነ ወደ ዋናው ይመልሱት። ከቴሌኮሙ ራውተር ቀጥሎ የራስዎን ሁለተኛ ራውተር ሰክተው ከሆነም ቅንብሩ ውስጥ ገብተው «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው አሠራር ይቀይሩት፤ ሁለቱ ያኔ አንድ ኔትወርክ ይሆናሉ።