ስለ ባዝራ እንገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ ለሚሻገር መንገደኛ ወደ ሰላሌ የሚወስደው የፈረስ አገር የሚጀምረው ከሱሉልታ መስክ ሲሆን፣ በዚያ ብርዳም ደጋ ባዝራና ውርንጭላ ጎን ለጎን ሲግጡ ማየት የዘወትር ነገር ነው፤ በቡራዩና በሰበታ ግን ፈረስ ይበልጥ የሚታወቀው በግጦሹ ሳይሆን በጋሪው ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባሉ በተጠሩበት በዚህ አገር የፈረስ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚወሳው ግልቢያው፣ ጌጡና የጦር ሜዳ ውለታው ነው፤ የዚያ ሁሉ ብርታት መሠረት ግን ውርንጭላው ከማሕፀን በወጣበት ዕለት በሚጠባው እንገር ላይ መሆኑን የሚያስተውል ብዙ አይደለም።

ባዝራ ፅንሷን ዐሥራ አንድ ወር ያህል ትሸከማለች። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ፣ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካላት የሚሏቸው በሽታን የሚቋቋሙ ረቂቃን ንጥረ ነገሮች ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚደርሱት፣ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ታጥቆ ነው። የባዝራ እንግዴ ልጅ ግን የእናትን ደም ከፅንሱ ደም የሚለዩ ስድስት ስስ ሽፋኖች ስላሉት፣ ምግብና አየር ያሳልፋል እንጂ እነዚያን ንጥረ ነገሮች አያሳልፍም። ስለሆነም ውርንጭላ ሲወለድ የራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ቢኖሩትም፣ እነርሱ ገና ከማንም ተሕዋስ ጋር ተዋግተው አያውቁምና በቂ መከላከያ እስኪያበጁ ሳምንታትና ወራት ያስፈልጋቸዋል፤ በሽታ ግን እስከዚያ ድረስ አይታገሥም።

ይህን ባዶ ጊዜ የሚሞላው እንገር ነው። የላም እንገር በየቤቱ ተፈልቶ ስለሚበላ ወፍራምነቱንና ቢጫነቱን የማያውቅ ባላገር የለም፤ ባዝራ ግን የማትታለብ በመሆኗ የእርሷን እንገር የሚመረምረው ጥቂት ሰው ነው። በእርግዝናዋ መጨረሻ ሳምንታት ከደሟ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ጡቷ እየተሰበሰቡ ይከማቻሉ፤ ለመውለድ ጥቂት ቀናት ሲቀራትም በጡቷ ጫፍ ላይ ቢጫ ጠብታ ይረጋል። ይህ ሀብት ለአንድ ወሊድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘጋጅ ነውና፣ ከወሊድ በፊት ወተቷ መንጠባጠብ ከጀመረ እንገሩ በከንቱ ፈስሶ ያልቃል፤ ተተኪም የለውም።

ከሁሉ የሚደንቀው የሰዓቱ ነገር ነው። የተወለደው ውርንጭላ ቀጭን አንጀት ፀረ እንግዳ አካላቱን ሳይፈጭ፣ እንዳሉ ወደ ደም የሚያስገቡ ልዩ ሕዋሳት አሉት። ይህ ችሎታ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ብርቱ ሆኖ ይቆይና ሕዋሳቱ በሌሎች ሲተኩ እየደከመ ሄዶ፣ ውርንጭላው 24 ሰዓት ሲሞላው፣ መሽቶ እንደሚዘጋ የጥንቱ የሐረር ጀጎል በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠባው እንገር ሆዱን ያጠግባል እንጂ ደሙን አያስታጥቅም።

ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው በሌሊት ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው። ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ውርንጭላው ረጃጅም እግሮቹን እያንፈራገጠ ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲነሣ፣ ቆሞም በእናቱ ደረትና ጎን ላይ አፉን እያሻሸ ጡቷን ሲፈልግ ያያል። ጤናማው በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ እንግዴ ልጁም በ3 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከዚህ የዘገየ፣ ዕትብቱ በተሕዋስ የተመረዘ ወይም መጥባት ያቃተው ውርንጭላ፣ ደሙ ተመርዞ ወይም መገጣጠሚያው አብጦ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ይህን ምሥጢር ሊቃውንት የደረሱበት ቀስ በቀስ ነው። ጀርመናዊው ጳውል ኤርሊኽ በ1892 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረገው ምርመራ መከላከያ ከእናት ወደ ልጅ በወተት እንደሚተላለፍ አሳየ፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል እንገር የተነፈጉ ጥጆች አብዛኞቹ እንደሚሞቱ አስረዱ።

እናት የምትሰጠው መከላከያ እርሷ ራሷ ያገኘችውን በሽታ የሚመለከት በመሆኑ፣ ከሩቅ ገበያ ተገዝታ በመውለጃዋ ዋዜማ ሱሉልታ የደረሰች ባዝራ ለሱሉልታ ተሕዋስያን የሚሆን እንገር የላትም፤ ከወሊድ በፊት ቢያንስ አንድ ወር በምትወልድበት ስፍራ መቆየት አለባት። ክትባትም ከወሊድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት ቢሰጣት፣ የክትባቱ ፍሬ በእንገሩ በኩል ለልጇ ይተርፋል። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባት ሲያዘጋጅ፣ በሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ የበሽታ ምርመራ ያካሂዳልና፣ የእነዚህ ከተሞች ባለ ፈረስ ከባለሙያ የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይኸው አዳኝ እንገር ገዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቅሎ «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ ይባላል፤ ደሙ ግን አባቱን አይደብቅም። በአህያ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ፈረስ የሌለው ምልክት አለ፤ ባዝራ ከወንድ አህያ ስትፀንስ ይህን ምልክት እንደ ባዕድ ቆጥራ ፀረ እንግዳ አካል ልታበጅበት ትችላለች። የመጀመሪያው በቅሎ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፤ በሚቀጥሉት ግን፣ ከዐሥር አንድ በሚያህሉት ላይ፣ ደኅና ሆኖ የተወለደው ውርንጭላ እንገሩን ከጠባ በኋላ ደሙ ይፈርሳል፣ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱም ይቀላል። ይህ እንዳይደርስ መድኃኒቱ ገና ሳይጠባ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አፉን ለጉሞ ከእናቱ ጡት መከልከል፣ የእናቱንም እንገር አልቦ መድፋትና አህያ ነክቷት ከማታውቅ ባዝራ የታለበ እንገር ማጠጣት ነው።

ለፈረስ ውርንጭላ ግን ሥርዓቱ ቀላል ነው። በራሱ ያልጠባ እንደሆነ እናቱ ታልባ በጡጦ ይጠጣ፤ እናቱ የሞተች ወይም እንገሯ የፈሰሰ እንደሆነ፣ በዚያው ሰሞን ከወለደች ሌላ ባዝራ፣ የራሷ ልጅ ከጠገበ በኋላ፣ ይለመንለት። ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ደሙን መርምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ከ800 ሚሊ ግራም በላይ መከላከያ ካገኘ ውርንጭላው በቂውን ጠብቷል፤ ከ400 በታች ከሆነና ሰዓቱም ካለፈ፣ የቀረው መንገድ የሌላ ፈረስ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ በደም ሥሩ መስጠት ነው፤ ይህም ውድና አስቸጋሪ ሕክምና ነው። ስለዚህ ባለ ጋሪም ሆነ ባለ መስክ፣ ባዝራው የፀነሰችበትን ወር መዝግቦ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከከባድ ጭነት አሳርፎና መኖዋን አሻሽሎ፣ በመውለጃዋም ሰሞን ተራ ገብቶ ሌሊቱን ቢጠብቅ፣ በኋላ በገንዘብ የማይገኘውን ነገር በጥቂት እንቅልፍ ገዛው ማለት ነው።