«የጠለል ዙረት»፦ የስኳር ሙሙትን በብርሃን ለመለካት የሚያገለግሉ ቃላት

የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ እንግዳው ቃል ሳይሆን ቀላል መስሎ የሚታየው ነው። የስኳር ሙሙት ብርሃንን «ስለ ማዞሩ» የሚናገረው ክፍል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። «ብርሃኑ በሙሙቱ ውስጥ ሲያልፍ ይዞራል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ጨረሩ መንገዱን ለቆ ወደ ጎን የታጠፈ ይመስለዋል። ይህ ግን የብርሃን ስብረት የሚባለው ሌላ ክሥተት ነው። በዚህ ሙከራ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የሚዞረው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊት ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል።

ከተራ መብራት የሚወጣ ብርሃን ከጉዞው መሥመር ጋር ቀጤ ነክ በሆኑ አቅጣጫዎች ሁሉ ይርገበገባል። በ1828 እ.ኤ.አ. በተሠራው የኒኮል ፕሪዝም ወይም ይህን በመሰለ መሣሪያ ሲያልፍ ግን በአንድ ጠለል ላይ ብቻ የሚርገበገበው ይቀራል። ዣን ባፕቲስት ቢዮ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1815 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው፣ እንዲህ ያለው ብርሃን በስኳር ሙሙት ውስጥ ሲያልፍ የርግብግቢቱ ጠለል በተወሰነ ማዕዘን ይዞራል።

መለኪያው ፖላሪሜትር ይባላል። በአንድ ጫፍ የሶዲየም መብራትና የመጀመሪያው ፕሪዝም፣ በመካከል ሙሙቱን የያዘ ቱቦ፣ በሌላው ጫፍ በዲግሪ በተከፈለ ክብ ላይ የሚዞር ሁለተኛ ፕሪዝም ይገኛሉ። በመጀመሪያ ቱቦው በተጣራ ውሃ ተሞልቶ የዜሮው ንባብ ይወሰዳል። ቀጥሎ ሙሙቱ ይገባል፤ በዐይን የሚታየው መስክ ሁለት ግማሾች እኩል እስኪደበዝዙ ድረስም ሁለተኛው ፕሪዝም ይዞራል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት የዙረቱ ማዕዘን ነው።

ማዕዘኑ ከቱቦው ርዝመትና ከሙሙቱ የስኳር መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። የሸንኮራ ስኳር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ተብሎ ሲሰላ 66.5 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዞራል። እንግዲህ በ100 ሚሊ ሊትር ሙሙት ውስጥ 10 ግራም ቢኖርና ቱቦው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ንባቡ 13.3 ዲግሪ ይሆናል። ፕሪዝሙ በየ180 ዲግሪው ያንኑ ምስል ስለሚያሳይ፣ ጥርጣሬ ቢነሣ በግማሽ ቱቦ መድገም ይገባል፤ ንባቡ 6.65 ከሆነ የመጀመሪያው ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ጠለል»ን «ከባሕር ጠለል በላይ» ከሚለው አነጋገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዝርግ ገጽም በሒሳብ ትምህርት ይሠራበታል። «መሽከርከር» የማያቋርጥ እንቅስቃሴን ስለሚያሳስብ አይስማማም። «ዙረት» ብቻውን ሲቆም ሥራ ፈትቶ መንከራተትን ያመለክታል፤ «የጠለል ዙረት» ሲባል ግን ይህ ይጠፋል፤ የሚዞረው ጨረሩ አለመሆኑም ይገለጣል።

«ፖላሪ» የሚለውን ክፍል በ«ዋልታ» መተርጐም አይመከርም። ስያሜውን በ1811 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማሊዩስ የብርሃን ቅንጣቶች እንደ ማግኔት ዋልታ ያላቸው መስሎት ነበር፤ ሐሳቡ ሲወድቅ ስሙ ብቻ ቀረ። የተሳሳተውን ሐሳብ በአማርኛ ከማስነሣት የመሣሪያውን ስም እንዳለ መውሰድ፣ ብርሃኑን ግን «ባለ አንድ ጠለል ብርሃን» ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋ ስሕተት የሚያስከትለው «ቀኝ» ነው። የማን ቀኝ? በኬሚስቶች ስምምነት ወደ ብርሃኑ ምንጭ ፊቱን አዙሮ የሚመለከተው ሰው ቀኝ ነው፤ ጠለሉ በእርሱ ዕይታ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። ይህ ካልተጻፈ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል። ግሉኮስ 52.7 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ፍሩክቶስ 92 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ያዞራሉ። የሸንኮራ ስኳር በአሲድ ወይም በኢንዛይም ተከፍሎ የሁለቱ እኩል ድብልቅ ሲሆን፣ ቀኙ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ግራ ይለወጣል። «ግልብጥ ስኳር» መባሉ ከዚህ የተነሣ እንጂ ስኳሩ ስለ ተገላበጠ አይደለም። ከአበባ የተገኘ ማርም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ስለሚያዞር፣ ብርዙ ወደ ቀኝ ሲያዞር ቢታይ ስኳር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ መጠርጠር ይቻላል። ምልክቱን የገለበጠ ትርጕም እንግዲህ ንጹሑን ማር በሐሰት ይከሳል።

«ዲግሪ»ም ጥንቃቄ ይሻል። በስኳር ፋብሪካ ሚዛን በ100 ሚሊ ሊትር 26 ግራም ንጹሕ ስኳር በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ 100 ተብሎ ይነበባል፤ በማዕዘን ግን 34.6 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው «የስኳር ዲግሪ» ቢባል ግራ መጋባት ይቀራል።

ለውይይት የቀረቡት ቃላት በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ሙሙት፦ ሟሚው በአሟሚው ውስጥ ፈጽሞ የሟሟበት ፈሳሽ፤ ሲቀመጥ ከሚዘቅጠው «ብጥብጥ» ይለያል።
ጠለል ለዪ፦ የመጀመሪያው ፕሪዝም።
ጠለል መርማሪ፦ ሁለተኛው፣ የሚዞረው ፕሪዝም።
የባሕርይ ዙረት፦ በተወሰነ ሙቀት፣ የብርሃን ዐይነት፣ ርዝመትና መጠን የአንድ ነገር መለያ የሆነ ዙረት። «ልዩ ዙረት» ቢባል ያልተለመደ ዙረት ያስመስላል።
ቀኝ አዟሪ፣ ግራ አዟሪ፦ ወደ ምንጩ በሚመለከተው ሰው ዕይታ ጠለሉን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚያዞር።