ክርስቲያን አሠሪ የአካታችነት መመሪያ ያስፈልገዋልን?

ድርጅቶች በብዝኃነትና በአካታችነት ስም ያወጧቸውን የሥራ መመሪያዎች ይያዙ ወይስ ይተዉ የሚለው ጥያቄ በውጭ ከሚኖሩ ወገኖችም፣ እዚህ ድርጅት ከሚመሩ ምእመናንም ይቀርብልኛል። ክርክሩ የበረታው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች እንዲቆሙ አዘዙ። ዋልማርትና ሜታን የመሳሰሉ ኩባንያዎችም በዚያ ሰሞን ፕሮግራሞቻቸውን ቀነሱ። በዚያው ወር የኮስትኮ ባለ አክሲዮኖች ግን የመመሪያው አደጋ ተጠንቶ ይቅረብ የሚለውን ሐሳብ ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ጣሉት።

የእነርሱ ክርክር የራሳቸው ታሪክ ያለበት ስለሆነ እንዳለ ማምጣቱ አይጠቅመንም። እኛም የራሳችን ልምድ አለን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የተወሰኑ የሥራ መደቦች ተለይተው እንዲያዙላቸው የሚፈቅድ ነበር። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 568 ሲተካ፣ አዲሱ ሕግ በመግቢያው ያነሣው ምክንያት ሊጤን ይገባዋል፦ ቦታ ለይቶ ማስቀመጡ አካል ጉዳተኛው በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት የማይችል ሰው ነው የሚል አመለካከት ፈጠረ። ስለዚህ አዲሱ አዋጅ ሌላ መንገድ ያዘ። ሁሉም በብቃቱ ይወዳደር፣ አካል ጉዳተኛው ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠው፣ አሠሪውም ለሥራው የሚያስፈልገውን ያመቻችለት አለ። ማመቻቸት ሲቻል አለማመቻቸት ራሱ አድልዎ ነው ማለቱ የሕጉ ትልቁ ነጥብ ይመስለኛል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ካሳንችስ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ መግባት ይበቃል። ሊፍት አለው፤ ወደ ሊፍቱ ለመድረስ ግን አምስት ወይም ስድስት ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ የሒሳብ ባለሙያ በፈተናው አንደኛ ብትወጣ እንኳ ከበሩ ትመለሳለች። ማንም በክፋት አልከለከላትም፤ ያላሰበላት ሰው ብቻ ነው ያለው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ አሁን በኮሪደር ልማቱ ሠፈሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ ይህን ማረም ከቀድሞው ይቀላል።

«ብቃት ይጎዳል» የሚለው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚመራበት የድርጅቱ ቻርተር (1945 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 101 ሁለቱን አስታርቋል፦ በቅጥር ቀዳሚው መመዘኛ ብቃትና ታማኝነት ይሆናል፣ ሠራተኞቹም በተቻለ መጠን ከሰፊ የዓለም ክፍል ይመረጣሉ። ከእኛው አገር ደግሞ በወሎ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይነ ስውር የሆኑትን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን ማሰብ ይቻላል። በአካል ጉዳተኞች መብት ሥራቸው በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 አለልን። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተረሱ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ አሠራር አበጁ። ለተመራጮቹም መስፈርት አወጡ፦ መልካም ስምና ጥበብ ያላቸው፣ በመንፈስ የተሞሉ ይሁኑ። የተመረጡት የሰባቱም ስም ግን የግሪክ ስም ነው፤ አንዱም ከአንጾኪያ ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው ነበር። ብቃቱም አልተጣለም፣ የተረሳውም ወገን ተወካይ አገኘ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኛ ዘንድ የከፋው ችግር ከውጭ የመጣ መመሪያ ሳይሆን መመሪያ አልባው ቅጥር ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲገኝ ማስታወቂያ ሳይወጣ «የእኛ ልጅ» ይገባል፦ የአጥቢያችን፣ የመዘምራኑ፣ የአገራችን ልጅ። ይህን ፍቅር እንለዋለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ለእናቶች የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ የሰጠውም ይኸው አዋጅ ነው፤ እርሱን ፈርቶ አዲስ ሙሽራን በቃለ መጠይቅ «መቼ ልትወልጂ አሰብሽ?» የሚል አሠሪ በጸሎት ቤታችን ወንበር ላይም ይቀመጣል።

ከለጋሾች የሚመጡ መመሪያዎች ከእምነታችን ጋር የማይስማማ ነገር ይይዛሉ የሚሉ አሉ። ያ ካለ ለብቻው ይመርመር፤ በእርሱ ምክንያት የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውን አብሮ መጣል ግን ምን ይሉታል?

ስለዚህ የእኔ መልስ፣ መመሪያው ይኑር፣ የሰው ቁጥር መቁጠሪያ ብቻ ግን አይሁን ነው። ሕጉ ብቻውን አያስገድድም፤ አዋጅ 568 የሚያስቀጣው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው፣ ይህም ዛሬ ለአንድ ኩባንያ የምሳ ግብዣ ሒሳብ ነው። ድርጅት የምትመሩ ወገኖች መጀመሪያ የመጨረሻውን የቅጥር ማስታወቂያችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። «መልካም ቁመና ያላት» የሚል ካለበት፣ ሥራውም የመዝገብ ቤት ሥራ ከሆነ፣ ይሰረዝ። በቦታውም አመልካቹ ለፈተናው የሚያስፈልገው ነገር ካለ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ የሚጋብዝ አንድ መስመር ይግባ።