ከዳገስታን ምድር ቤት እስከ ሞንትሪያል፦ ሁለት የሥልጠና መንገዶች



የሐቢብ ኑርማጎሜዶቭን ፍልሚያ በዶርም ውስጥ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን ያላየን ጥቂቶች ነን። የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን ነው፤ ተጋጣሚው እጅ ሲሰጥ፣ ሐቢብም ጣቱን ወደ ሰማይ ሲያነሳ። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በቪዲዮው ውስጥ የሉም። አንዳንድ ወንድሞች «እንደ ዳገስታኖች እንልፋ» ብለው በአንድ ሳምንት ራሳቸውን ሲጎዱ ስላየን፣ ያ ልፋት በትክክል ምን እንደነበር ለማስረዳት ወደድን።

የሐቢብ አባትና የመጀመሪያ አሠልጣኙ አብዱልመናፕ ኑርማጎሜዶቭ (አላህ ይዘንላቸው) የትግል፣ የጁዶና የሳምቦ ሰው ነበሩ። የመኖሪያ ቤታቸውን ምድር ቤት ማሠልጠኛ አድርገው የራሳቸውን ልጆች ከዘመድና ከጎረቤት ልጆች ጋር ያሠለጥኑ ነበር። ሐቢብ ያደገው በዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። በልጅነቱ ከድብ ግልገል ጋር ሲታገል የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችንም እናውቀዋለን (ድቡ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ለማንም አንመክርም)። ከድቡ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን የሥልጠናው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ትግል፣ በ15 ዓመቱ ጁዶ፣ በ17 ዓመቱ ደግሞ ፍልሚያ ሳምቦ። ትግሉ ሰውን መጣልና መሬት ላይ ይዞ ማቆየትን አስተማረው። ጁዶው ልብስ ጨብጦ ሚዛን ማሳትን ጨመረለት። ቡጢና እርግጫ ያለበት ሳምቦ የመጣው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። ቁርኣን ቤት የቀራ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል፤ ፊደሉ ሳይያዝ ማንም ወደ ሱራው አይዘልም።

በዚያ ቤት ብቻውን የሚሠለጥን ሰው አልነበረም። ትልቁ ትንሹን ይዞ ይሠራል፤ ትንሹም ነገ በተራው ሌላውን ይይዛል። ኢስላም ማካቼቭ የወጣው ከዚሁ ጀመዓ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አቡ ዳቢ ላይ የዩኤፍሲን የቀላል ሚዛን ቀበቶ ሲወስድ አብዱልመናፕ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በጥጉ ቆሞ መመሪያ ሲሰጠው የነበረው ሐቢብ ነው።

ሐቢብ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሳን ሆሴ ሲገባ የተቀበሉት አሠልጣኝ ሐቪየር ሜንዴዝ የኪክቦክስ ሰው ናቸው። ሆኖም አባትየው የሠሩትን አፍርሰው በራሳቸው መንገድ አልተኩትም፤ የጎደለውን የቆመ ፍልሚያ ብቻ ጨመሩበት። ለእኛ ይህ ከማንኛውም የጂም ስልት ይበልጥ የሚገርም ነው። ስንት አስተማሪ ነው ሌላው የጀመረውን አክብሮ የሚቀጥል?

ይህ መንገድ ዋጋም አስከፍሏል። ሐቢብ በጉዳት ምክንያት ከ2014 እስከ 2016 ሁለት ዓመት ያህል ሳይፋለም ቆይቷል። በመጋቢት 2017 ደግሞ ኪሎ ለመቀነስ ሲጥር ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ፍልሚያውም ተሰረዘ። «ልፋት» ሲባል ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ሌላውን መንገድ የምናገኘው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። የትራይስታር ጂም አሠልጣኝ ፊራስ ዘሃቢ የሊባኖስ ዝርያ ያላቸው፣ ፍልስፍና ያጠኑ ሙስሊም ናቸው። ጆርጅ ሴንት ፒየርን ካሠለጠኑት አንዱ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ዛሬ የሠራኸው ነገ እንዳትሠራ ካደረገህ፣ በዝቷል። ስሌቱን በእኛ ቁጥር እንየው። አቅሙ 10 ፑልአፕ የሆነ ሰው ሰኞ 10ሩንም ጨርሶ ክንዱ እስከ ሐሙስ ቢታመም፣ ሐሙስም ቢደግም በሳምንት 20 ይሆናል። በየቀኑ 5 ብቻ የሚሠራው ግን 35 ይደርሳል፤ አንድ ቀንም ሳይታመም። በልምምድ ፍልሚያም እንዲሁ ነው፤ ጓደኛን ሳይጎዱ፣ እየተጫወቱ፣ ብዙ ሰዓት መሥራት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐዲሱን ስለ ሶላትና ስለ ሶደቃ ስንጠቅሰው እንከርማለን፤ የፈተና ሳምንት ሲደርስ ግን ሦስት ሌሊት ሳንተኛ አንብበን ፈጅር ያመልጠናል።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱ መንገዶች የሚመስለንን ያህል አይራራቁም። የዳገስታኑ ልጅ ከባዱን ቀን የቻለው ከሥሩ ብዙ ሺህ ቀላል ቀናት ስለነበሩ ነው። እኛ የምንኮርጀው ከባዱን ቀን ብቻ ነው፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1987 መካ ላይ ቦክስን ሐራም ብሎታል። ስለዚህ ሐቢብን ስለወደድን ብቻ የሙያውን ሁሉ ነገር ሐላል አናደርገውም፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ራሱ ሐቢብም ቢሆን በ2018 ኮነር ማክግሪገርን ካሸነፈ በኋላ ተቆጥቶ አጥሩን ዘልሎ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ገብቷል። 500,000 ዶላር ተቀጥቶ ዘጠኝ ወር ታገደ። አባቱ ግን የእኔ ቅጣት ከዚያ ይከብዳል ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ኃይለኛ ማለት ሰውን የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚይዝ መሆኑን የሚያስተምረውን ሐዲስ ለሚያውቅ አባት፣ ከቀበቶው ይልቅ ያ ዝላይ ነው የከበደው ብለን እናስባለን።

መጀመር የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ዛሬ ከዐስር በኋላ የምትችሉትን ፑሽአፕ ቁጠሩ፤ ግማሹን ያዙ። ነገም ያንኑ ግማሽ ሥሩ። መውደቅን ሳይማር ትግል የሚጀምር አይኑር፤ ምንጣፍ በሌለበት ሲሚንቶ ላይም አትታገሉ። በረመዷን ከሆነ ደግሞ ውሃ መጠጣት በሚቻልበት ሰዓት፣ ከተራዊሕ በኋላ አድርጉት።