ያውቁ ኖሯል? የዳሌ ስብራትና 25 ሚሊሜትር

አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ወድቀው ዳሌያቸው አካባቢ ሲሰበሩ፣ የጥገናው ዕጣ በሚገባላቸው ብረት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ዋናው ብሎን በሚያርፍበት ቦታም እንደሚወሰን ያውቁ ኖሯል?

ሐኪሙ የብሎኑ ጫፍ ከጭን አጥንት ራስ አናት ምን ያህል እንደሚርቅ ከፊትና ከጎን በተነሱ ሁለት ራጆች ላይ ይለካል፤ ሁለቱንም ይደምራል። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 198 ስብራቶችን መርምሮ ነበር። ድምሩ 25 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነባቸው 120 ብሎኖች አንድም እንኳ የሳሳውን አጥንት በስቶ አልወጣም! ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን አደጋውም ጨምሯል።

ብረቱስ? እሱን የሚመርጠው የስብራቱ መልክ ነው። ከአጥንቱ አንገት በታች ያለ፣ የተረጋጋ ስብራት ከጎን በሚታሰር ሳህንና በውስጡ በሚንሸራተት ብሎን ይጠገናል፤ ላልተረጋጋው በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ይመረጣል። አንገቱ ራሱ ተሰብሮ ከቦታው ከለቀቀ ደግሞ ለአጥንቱ ራስ የሚደርሰው ደም ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በአረጋውያን ላይ ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ይቀርና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይተካል።