የሆስፒታል ራዲዮ፦ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚጀምር ስርጭት

አልጋ ይዞ የሚታከም ሰው ከሕመሙ ሌላ የሰዓቱ ርዝመት ያስጨንቀዋል። በተለይ የጠያቂ ሰዓት አልፎ እስኪነጋ ያለው ጊዜ በመድኃኒትና በመርፌ የሚሞላ አይደለም። በብሪታንያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች መካከል አንዱ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄደው የሆስፒታል ራዲዮ ነው።

አጀማመሩ ከዮርክ ከተማ ሆስፒታል ጋር ይያያዛል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1925 ከአልጋዎች አጠገብ የጆሮ ማዳመጫና ድምፅ ማጉያ ተዘርግቶ ሕሙማኑ የቤተ ክርስቲያን ጸሎትና የስፖርት ዘገባ ያዳምጡ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገልግሎቱ በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። ድምፁ በአየር ሞገድ ሳይሆን በሽቦ ወደየአልጋው ይደርስ ስለነበር ብዙ ወጪ አልጠየቀም፤ አንድ ትርፍ ክፍልና የሸክላ ማጫወቻ ካለ ሥራው ይጀመራል። በኋላ በብሔራዊ ራዲዮ ስመ ጥር የሆነው ኬን ብሩስም ሙያውን የጀመረው በግላስጎው የሆስፒታል ራዲዮ ነው።

የሥራው ፋይዳ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በሕፃናት ክፍል ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በብዙ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ወላጆች ልጃቸውን የሚያዩት በጥቂት በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ባቀረበው ፊልም አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆስፒታል ተኝታ ስትቆይ የሚደርስባትን ጭንቀት ለሐኪሞች አሳየ። እንደ እርሱ ማብራሪያ ከእናቱ የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ አጥብቆ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል። ሠራተኞቹ ግን ይህን ዝምታ «ለመደ» ብለው ይተረጉሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። ይሁንና ቤቱ ሩቅ የሆነ ወይም ሌሎች ልጆች ያሉት ወላጅ ፈቃዱን አግኝቶም ሁልጊዜ ሊገኝ አይችልም።

ራዲዮ ሎሊፖፕ የተቋቋመው ለእነዚህ ሕፃናት ነው። ስርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በደቡብ ለንደን በካርሻልተን በነበረው የንግሥት ሜሪ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሆን፣ በኋላ ወደ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካና አሜሪካ ተሻግሯል። ከበጎ ፈቃደኞቹ ከፊሎቹ በስቱዲዮ ሲሠሩ ሌሎቹ በየክፍሉ እየዞሩ ከልጆቹ ጋር ይጫወታሉ፣ ይሥላሉ፣ የሚፈልጉትን ዘፈን ይጠይቃሉ። የሻተው ልጅ ራሱ በማይክሮፎን ይናገራል። ሆስፒታል ውስጥ ልጁ ለመርፌ «እምቢ» ቢል ሰሚ የለውም፤ የራዲዮውን እንግዳ «አልፈልግም» ቢለው ግን ሰውየው ምንም ሳይከፋው ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። በእኔ እምነት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ስጦታ ከዘፈኑ ይልቅ ይህ የመምረጥ መብት ነው።

የአዋቂዎቹም ጣቢያዎች የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። በጎ ፈቃደኛው ከክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፈቃድ ጠይቆ ይገባል፤ ዘፈን ለመመዝገብ የተጀመረው ወግም ብዙ ጊዜ ስለ ቤተሰብና ስለ ትውልድ መንደር ወደ ማውራት ይሻገራል። እዚህ ላይ የሙያ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሕመምተኛው ስም ከተኛበት ክፍል ጋር በራዲዮ ቢነገር፣ ክፍሉ የካንሰር ወይም የአእምሮ ሕክምና ከሆነ፣ ምሥጢሩ ወጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ዕቅድ በትልልቅ ሆስፒታሎች በየአልጋው ቴሌቪዥንና ስልክ እንደሚተከል አስታወቀ፤ ቀጥሎም ዘመናዊው የእጅ ስልክ መጣ። ሙዚቃ ማሰማት ብቻውን ከዚያ ወዲህ ብዙም ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት በጎ ፈቃደኞች ከሕሙማን ክፍሎች ሲታገዱ ብዙዎቹ ከየቤታቸው ማሰራጨት ቀጠሉ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ መዞሩ ግን ከቤት ሆኖ የሚሠራ አይደለም።

በአገራችን አስታማሚ ከአልጋው ስለማይርቅ የችግሩ መልክ ይለያል። ነገር ግን ከሩቅ ወረዳ በሪፈር መጥቶ ጠያቂ ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ አለ፤ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር አንጥፎ የሚያድረውንም አስታማሚ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው።