ቦርከናን ያቆሸሸው ፋብሪካ ብቻ ነው?

«ገበሬ ውሃ አይበክልም፤ ቦርከናን የገደለው ፋብሪካ ነው» ይባላል፤ ደሴም ኮምቦልቻም። ግማሹ እውነት ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በከተማዋ ጅረቶች አድርጎ ቦርከና ወንዝ እንደሚገባ፣ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽም ክሮሚየም እንደሚያመጣ ተመራማሪዎች ውሃውን ቀድተው አሳይተዋል።

እውነታው ግን በዚህ አያበቃም። ሐምሌ ላይ ከደሴ ዙሪያ ተዳፋት የሚወርደው ደፍራሽ ጎርፍ ባዶውን አይሄድም። የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ፎስፈረስ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይወርዳል፤ የዩሪያው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ይሟሟና ወንዝም የጉድጓድ ውሃም ይገባል። ስለዚህ በየዓመቱ በዘመቻ የሚሠራው እርከን የአፈር ሥራ ብቻ አይደለም፤ የውሃም ነው።

«በዚህ ዋጋ ማዳበሪያ ማን ይደፋል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በዝናብ የሚያርሰው አብዛኛው ገበሬ የሚጨምረው ከሚፈለገው በታች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመስኖው ማሳ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ፀረ ተባይ የሚረጨው ወንዝ ዳር ነው፤ መርጫው ቦይ ውስጥ ከታጠበ ከታች ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል። በየስብሰባው ጣታቸውን ወደ ፋብሪካ ብቻ የሚቀስሩ ሰዎች ለገበሬው የተቆረቆሩ ይመስላቸዋል። መርዙን ቀድሞ የሚቀምሰው ግን እሱና ልጆቹ ናቸው!

ሕጉም ያየው ቱቦውን ነው። ደንብ ቁጥር 159/2001 ስሙ ራሱ የኢንዱስትሪ ብክለትን መከላከል ነው። ማሳ ቱቦ የለውም፤ ተቆጣጣሪ ቆሞ ናሙና የሚቀዳበት አፍ የለውም። ስለዚህ የሚያዋጣው ዩሪያን ከፋፍሎ መስጠትና አፈር ማልበስ፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ጥቂት ሜትር ደሾ ሳር መትከል ነው። መሬት ተወሰደብኝ ለሚል፣ ደሾ ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ያም ሆኖ ሳሩ እስኪደርስ ገበሬው ብቻውን እንዲከስር መጠበቅ ግፍ ነው፤ ችግኙንና ድጋፉን መንግሥት ያምጣ።

ሌላም ይባላል። «ወራጅ ውሃ ራሱን ያጠራል።» ቆሻሻውን ወደ ጎረቤት ያሻግራል እንጂ ፀረ ተባይ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

«ካፈላሁት ምን ይሆናል?» ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬት ግን አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያለው በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ሕፃናት ሰግቶ ነው።

«የመድኃኒቱን ጀሪካን በኦሞ አጥቤ ዘይት እይዝበታለሁ።» ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥጣል። ሦስቴ አለቅልቁት፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ገልብጡና ማሳው ላይ ርጩት፤ ጀሪካኑን ብሱት።